በስግድ ዋዜማ ድረ ገጹ ለምን ይዘጋል?

ክኔሴት በ2008 በሕግ የመንግሥት በዓል ያደረገው ስግድ በሔሽቫን 29 ቀን ይውላል። ብዙ ማኅበራት ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱትን አውቶቡሶች መነሻ ሰዓት በድረ ገጻቸው ያወጣሉ። ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ሰው የሚያየውን ገጽ በዋዜማው ማታ መቶዎች ባንዴ ይከፍቱታል። ያን ጊዜ ገጹ ይዘጋል፤ 503 ወይም 508 የሚል ቁጥር ብቻ ይታያል። ከአፉላ በማለዳ መነሳት ያለባቸው እናት ሰዓቱን ሳያውቁ ያድራሉ።

ርካሹ የድረ ገጽ ኪራይ «የጋራ ሆስቲንግ» ይባላል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ገጾች በደባልነት ይኖራሉ። እንደ አገር ቤት የሰፈር ቦኖ ነው፤ አንዱ ሃያ ጀሪካን ይዞ ከመጣ ሌላው ውሃ አያገኝም። ስለዚህ አከራዩ ኩባንያ ለእያንዳንዱ ልክ ያወጣል፤ ከልኩ ያለፈውን ያቆመዋል። 508 ይህ ልክ ሲያልፍ የሚመጣ ቁጥር ነው፤ ጽሑፉ አልጠፋም። ገጹን የምትሠሩ ልጆች ደንግጣችሁ ምንም አትሰርዙ። ኩባንያው ጋ ደውላችሁ ለአንድ ወር ከፍ ያለ ኪራይ መጠየቅም ይቻላል።

ብዙዎች የሚሠሩበት ዎርድፕሬስ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ገጹን እንደ አዲስ ያዘጋጃል፤ በየጊዜው ወደ ቦኖ መሮጥ ማለት ነው። አስቀድሞ በጋን ሞልቶ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ይህ «ካሽ» ይባላል፤ አንዴ የተዘጋጀውን ገጽ ለሁሉም ይሰጣል።

ዋናው ሸክም ግን ፎቶ ነው። ከስልክ በቀጥታ የተጫነ 5 ሜጋባይት ፎቶ 400 ሰው ሲከፍተው 2 ጊጋባይት ይሆናል፤ ወደ 100 ኪሎባይት ቢቀነስ 40 ሜጋባይት ብቻ። ደግሞስ የአውቶቡስ ሰዓት ፎቶ ምን ያደርግለታል? በአማርኛና በዕብራይስጥ ሦስት ሦስት መስመር ይበቃል።

ገንዘብ ያለውም ከዚህ አላመለጠም። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መመዝገቢያ ገጽ ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሲከፈት ሚሊዮኖች ጎረፉበት፤ ሌላም ጉድለት ነበረበትና በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበው የጨረሱት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ።

እኔን እንደ ማኅበራዊ ሠራተኛ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ገጹ ሲዘጋ ሰው በዋትሳፕ የመጣለትን ሁሉ ያምናል። ቦታ ለመያዝ ብሎ የተዑዳት ዜሁት ወይም የባንክ ቁጥር የሚጠይቅ መልእክት ቢደርሳችሁ አትመልሱ፤ ማኅበሩን ራሱን ጠይቁ። ገጹ እምቢ ሲልም ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ እያንዳንዱ መጫን አንድ ተጨማሪ ጀሪካን ነው። ትንሽ ቆይታችሁ ሞክሩ። ማኅበራትም ሰዓቱን ከሳምንት በፊት አውጡ፤ በወረቀት አትማችሁም በመትናሱ በር ላይ ለጥፉ።