የጎንደር ካህናትና ደብተሮች

የጎንደር ካህናትና ደብተሮች በጎንደር ከተማና በአካባቢዋ ባሉ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት የሚያገለግሉ ቀሳውስት፣ ዲያቆናትና የዜማ ሊቃውንት ናቸው። የአንድ ደብር አገልግሎት በሁለት ወገን ይከፈላል። ቄሶችና ዲያቆናት ይቀድሳሉ፤ ደብተሮች ደግሞ በቅኔ ማኅሌት ቆመው በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራውን ዜማ ያደርሳሉ። ለቅዳሴ አምስት ሰው ይበቃል፤ ማኅሌት ግን ብዙ ዓመት የተማሩ ብዙ ሰዎችን ይፈልጋል። በጎንደር ታሪክ የአገልጋዮች ቁጥርና መተዳደሪያ በተደጋጋሚ አከራካሪ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የአገልግሎት ክፍፍል

ቤተ ክርስቲያን ከውስጥ ሦስት ክፍል አላት፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ። ታቦቱ በሚያርፍበት መቅደስ የሚገቡት ክህነት ያላቸው ብቻ ናቸው። ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ።

ደብተራ የሚለው ቃል በግዕዝ ድንኳን ማለት ነው። ደብተራ ለመሆን ክህነት ግዴታ አይደለም፤ የሚጠየቀው ትምህርት ነው። ሚስቱ ሞታ ወይም ተፋቶ ሁለተኛ ያገባ ቄስ መቀደስ ስለማይችል፣ ዜማ የተማረ ከሆነ ከደብተሮች ጋር ቆሞ ያገለግላል።

ማኅሌቱን የሚመራው መሪጌታ ነው። ዘማሪዎቹ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ዜማውን ይቀባበላሉ፤ የቀኙን ወገን ቀኝ ጌታ፣ የግራውን ግራ ጌታ ይመራል። የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ይባላል። የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቀው ቄሰ ገበዝ ነው።

በሕዝብ ዘንድ «ደብተራ» የሚለው ስም ክታብ ከመጻፍና ከአስማት ጋር ስለሚያያዝ፣ ዛሬ ብዙ የዜማ ሊቃውንት መሪጌታ ወይም መዘምር መባልን ይመርጣሉ።

ዜማና መሣሪያ

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዜማውን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይዜማል። ከቃሉ በላይ በትንንሽ ፊደል የሚጻፈው ምልክት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጀ ይታመናል። ምልክቱ ግን የሚያስታውስ እንጂ ብቻውን የሚያስተምር አይደለም። ዜማውን ከመምህር አፍ ያልሰማ ሰው መጽሐፉን ይዞ ሊያዜም አይችልም።

መሣሪያዎቹ መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ናቸው። በበዓል ዋዜማ ሌሊት አንዱ ዜማ ደጋግሞ ይመጣል፦ መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ፣ ቀጥሎ በመቋሚያ እየተወዛወዙ በዝማሜ፣ ከዚያም በጸናጽልና በከበሮ በመረግድ፣ በጭብጨባም በጽፋት ይባላል። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ይቆማሉ፤ በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል።

ትምህርት

ተማሪው ከንባብ ቤት ይጀምርና ወደ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና አቋቋም ቤት ያልፋል። አቋቋም ዜማውን ከመቋሚያ፣ ከጸናጽል፣ ከከበሮና ከእግር እርምጃ ጋር የሚያስተባብር ትምህርት ነው። የቆሎ ተማሪዎች በትንንሽ ጎጆ እየኖሩ፣ ከመንደር ቁራሽ እየለመኑ ይማራሉ።

እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ማስመስከሪያ ቦታ አለው። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ የታወቁ ናቸው፤ ሁለቱም በደቡብ ጎንደር ይገኛሉ። ለአቋቋም የጎንደር በአታ ለማርያም ስሟ ይጠራል።

በቀልዳቸው የሚታወቁት አለቃ ገብረ ሐና ከጎንደር የአቋቋም ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። የጣና ማዕበልና የደንገል ውዝዋዜ አይተው አዲስ የአቋቋም ስልት እንዳወጡ፣ የጎንደር ሊቃውንት ግን እንዳልተቀበሏቸው ይነገራል። ልጃቸው ተክሌ ስልቱን በደብረ ታቦር አስተማረ። ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» የሚባለው ይህ ሲሆን፣ የቀድሞው «የጎንደር አቋቋም» ተብሎ ይጠራል።

ታሪክና መተዳደሪያ

ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ዐፄ ፋሲለደስ ቆረቆሯት። ነገሥታቱና እቴጌዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ሲያሠሩ ለአገልጋዮቹ መሬት ይሰጡ ነበር። ቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ (1674–1698 ዓ.ም.) ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን መሠረቱ። ሪም የሚባለው መሬት በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚያዝ ነበር። ባለ ሪሙ ራሱ ወይም ስለ እርሱ የቆመ ሰው ካላገለገለ መሬቱን የመያዝ መብቱ ይነካ ነበር። ስለዚህ የደብተራው ዜማ ከቤተሰቡ እንጀራ ጋር የተሳሰረ ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ሥርዓት ለመለወጥ ሞከሩ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለገበሬና ለግብር ይሁን አሉ። ቁጥሩ ቅዳሴን ያስቀድሳል፤ ለደብተራው ግን ቦታ አይተውም። ካህናቱ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ጠቡም ንጉሠ ነገሥቱ ድጋፍ እንዲያጡ ካደረጉ ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘረፉ፤ መጻሕፍቷንም ወደ መቅደላ አስወሰዱ።

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማዋን ወርረው አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ በአፈ ታሪክ ያዳናት የንብ መንጋ ነው። መጻሕፍት ሲቃጠሉ ዜማው የቀረው በቃል በያዙት ሰዎች ዘንድ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን ይዞታ ጭምር የመንግሥት አደረገ። ሪምም በዚሁ አበቃ።

ዛሬ

አሁን አገልጋዮቹ የሚተዳደሩት በዋናነት ሰበካ ጉባኤ ከምእመናን አስተዋጽኦ፣ ከአሥራትና ከስእለት በሚከፍለው ደመወዝ ነው። ገቢው ከደብር ደብር ይለያያል። ምእመን የበዛበት የከተማ ደብር ሙሉ ማኅሌት ሊያቆም ሲችል፣ ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቀዳሾቹን ብቻ ይዞ ሊቀር ይችላል። መሪጌታውም ብዙ ጊዜ እያረሰ ወይም እያስተማረ ያገለግላል።

ከደብተሮቹ ጎን የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን በአማርኛ መዝሙር ያገለግላሉ፤ ወንዶችም ሴቶችም አሉባቸው። ሁሉም ወገን አብሮ የሚታየው በጥምቀት ነው። ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ቄሶቹ ታቦት ያከብራሉ፣ ደብተሮቹ ወረብ ያቀርባሉ፣ መዘምራኑ ይከተላሉ። የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።