ስለ ሕመም ፈቃድ ክፍያ መቋረጥና ስለ ቤተ ዘመድ ድርሻ

በመቐለ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ለአንድ አስመጪ ነጋዴ ዕቃ የሚረከብ ሠራተኛ የአእምሮ ሕመም ቢያድርበት፥ መታመሙን ራሱ ላያውቀው ይችላል። ሳያስታውቅ ከሥራ ሲቀር፥ አሠሪው ቸልተኛ መስሎት ደመወዙን ያቋርጥበታል። በዚህ ጊዜ ስለ በሽተኛው የሚቆመው ቤተ ዘመዱ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜውን ለፈጸመ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። ይኸውም የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፥ ተከታዮቹ 2 ወራት በደመወዙ እኩሌታ፥ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ ነው። አዋጁ የሥጋን ሕመም ከአእምሮ ሕመም አይለይም። ስለዚህ በ4ኛው ወር ክፍያው ቢቆም እንደ ሕጉ ነው፤ በ2ኛው ወር ፈጽሞ ቢቆም ግን አቤቱታ ያስነሣል።

ቤተ ዘመዱ በመጀመሪያ ከሐኪም ቤት፥ ለምሳሌ ከዓይደር ሆስፒታል፥ ሕመሙን የሚገልጽ ማስረጃ ያውጣ፤ ቀጥሎም ክፍያው የተቋረጠበትን ምክንያት አሠሪውን በጽሑፍ ይጠይቅ። ስምምነት ከታጣ ነገሩ ለሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል። በሽተኛው ልቡናው ሲመለስለት ውክልና ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ካልተቻለ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሞግዚት እንዲሾምለት ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው። የደመወዝ ጥያቄ ግን ሊከፈል ከሚገባው ቀን አንሥቶ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳልና መዘግየት አይገባም።

ነጋዴውም ሠራተኛው ሲቀርበት ከመቅጣቱ አስቀድሞ ወደ ቤቱ ሰው ልኮ ቢያስጠይቅ፥ ከሙግት ወጪ ይድናል፤ ሥራውን የለመደ ሰውም አያጣም።