ጎመን በጤና፦ ክረምትን ከልጆች ጋር

በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። በዚህ ወራት ሰማዩ ይከብዳል፤ ወንዙ ይሞላል፤ ገበሬው ከእርሻውና ከአረሙ ጋር ይታገላል፤ የከተማው ሕፃን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ስለ ተዘጋ በቤት ይውላል። ለልጅ የዕረፍት ጊዜ የሆነው ክረምት ለወላጅ ግን ሐሳብ የሚበዛበት ወራት ነው። በቤት የዋለ ልጅ ቶሎ ቶሎ ይርበዋል፤ ጨዋታም ይሻል፤ የወጣ እንደ ሆነ ጭቃ ለብሶ ይመለሳል፤ የተከለከለ እንደ ሆነ ያለቅሳል። በዚህም ላይ መስከረም ከነደብተሩ፥ ከነደንብ ልብሱና ከነመመዝገቢያ ገንዘቡ ከፊት ቆሞ ይጠብቃል። የገበያው ዋጋ ሲጨምር ደመወዙ ባለበት የሚቆይበት ቤት ብዙ ነውና፥ ክረምት ሲገባ በልባቸው የሚፈሩ አባቶችና እናቶች ጥቂቶች አይደሉም።

ውድ አንባቢዎቻችን፥ እኛም ከእነዚህ መካከል ነን። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፈው እንደ መምህር ለማስተማር ሳይሆን፥ ባለፈው ክረምት በቤታችን የሆነውን በግልጥ ተናግረን፥ ከእርሱ ያገኘነውን ጥቂት ትምህርት ለማካፈል ነው።

ሦስት ልጆች አሉን። ያን ጊዜ ታላቂቱ ዘጠኝ፥ መካከለኛው ስድስት፥ ትንሿ ደግሞ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የዝናቡ ብዛትና የልጆቹ ጩኸት ስላሰለቸን፥ ዝም ያሰኛቸው ዘንድ የእጅ ስልካችንን እንሰጣቸው ጀመር። በእርግጥም ዝም አሉ። ነገር ግን ውሎ ሲያድር፥ እንጀራ ቀርቦም ዓይናቸው ከስልኩ አልነሣ አለ፤ ትንሿማ ያለ ስልክ አልጐርስም አለች። ይህን ስናይ ኅሊናችን ወቀሰንና፥ ያጠፋነውን በገንዘብ ልንክስ ፈልገን፥ «በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ መጫወቻ ስፍራ እንወስዳችኋለን» ብለን ቃል ገባን።

የተባለው ቅዳሜ ደረሰ። ልጆቹ የበዓል ልብሳቸውን ለበሱ፤ ሁለት ታክሲ ቀያይረን ከስፍራው በር ደረስን። የመግቢያውንና የየጨዋታውን ዋጋ ጠይቀን ስናሰላው፥ የአምስታችን ወጪ ከአንድ ሳምንት አስቤዛችን የሚበልጥ ሆኖ አገኘነው። ለመስከረም ያስቀመጥነውን ገንዘብ ካልነካን በቀር የሚቻል አልነበረም። እርስ በርሳችን ተያየን፤ ለልጆቹም እውነቱን በመናገር ፈንታ «ዛሬ ዝግ ነው» ብለን ዋሸናቸው። መካከለኛው ጮኾ አለቀሰ። ታላቂቱ ግን ማንበብ ትችላለችና፥ በበሩ ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ዝርዝር ተመልክታ ዝም አለች። ከወንድሟ ልቅሶ ይልቅ የእርሷ ዝምታ ልባችንን ወጋው።

ስንመለስ ዝናብ ያዘንና ከአንድ ሱቅ ክፍክፍ ሥር ተጠለልን። በዚያም አንዲት እናት ከሰል አቀጣጥለው እሸት በቆሎ ይጠብሱ ነበር። ሦስት ገዝተን ለአምስት ተካፈልነው። መካከለኛው ልጅ እንባውን ሳይጠርግ የፍሬውን ረድፍ በጣቱ እየዞረ ይቈጥር ጀመር፤ 14 ሆነለት። የእኅቱ 12 ሆነ፤ የእኛም 14። የበቆሎ ፍሬ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚበቅል፥ የረድፉ ቍጥር ምንጊዜም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ለሁለት የሚካፈል መሆኑን ነገርነው። እርሱ ግን በቃላችን ብቻ አላመነም። አብረውን የተጠለሉትን ሰዎች «የእርስዎን ልቍጠረው?» እያለ ለመናቸው፤ እነርሱም እየሣቁ በቆሏቸውን ዘረጉለት። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል በዚያ ቆምን፤ ማንም ስለ መጫወቻው ስፍራ አላነሣም።

ማታ ታላቂቱን ለብቻዋ ጠርተን እውነቱን ነገርናት፤ ስለ ዋሸናትም ይቅርታ ጠየቅናት። «ገንዘቡ ለደብተራችን መሆኑን ብትነግሩኝ እኮ ይገባኝ ነበር» አለችን። በመስከረም ደግሞ መምህራቸው ልጆቹን በክረምት ያስደሰታቸውን ነገር እንዲሥሉ ባዘዟቸው ጊዜ፥ መካከለኛው ልጃችን አምስት ሰዎች ከአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆመው በቆሎ ሲበሉ ሥሎ አመጣ። የእኛ ኀፍረት በሥዕሉ ላይ አልነበረም።

ከዚህ የተረዳነው ነገር አጭር ነው። በቤታችን ጐድሎ የነበረው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ከልጆቻችን ጋር መቀመጣችንም ጐድሎ ነበር። የመጀመሪያውን ጕድለት በአንድ ቀን ልንሞላው አንችልም፤ ሁለተኛውን ግን በዚያው ማታ ለመሙላት የሚከለክለን አልነበረም።

ስለ ማዕድ

ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌው፥ ጥል ባለበት ቤት ከሚበላ የሰባ ሥጋ ይልቅ በፍቅር የሚበላ ጎመን እንደሚሻል አስተምሯል። የአገራችን ሰውም ይህንኑ ሐሳብ በሁለት ቃል ጠቅልሎ «ጎመን በጤና» ይላል። እኛም ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አንድ ሥርዐት አወጣን፤ ይኸውም ራት ሁላችን በአንድ ማዕድ እንድንበላ፥ ስልኩም የእኛው ጭምር በሌላ ክፍል እንዲቀመጥ ነው። ለየልጁም ሥራ ሰጠን። ታላቂቱ ምስር ትለቅማለች፤ መካከለኛው ያስታጥባል፤ ትንሿ ደግሞ ከጸሎት በኋላ የመጀመሪያውን ጕርሻ ለታላላቆቿ ታጐርሳለች። በስልክ ካልሆነ አልጐርስም ትል የነበረች ልጅ፥ ራሷ አጕራሽ ከሆነች ወዲህ መብላቱን አልተወችም።

የምግቡም ዐይነት ከእናቶቻችን የወረስነው ነው። በክረምት ጧት ቂንጬ ያሞቃል፤ ለአንድ ኩባያ ክክ ስንዴ ሁለት ኩባያ ውኃና ጥቂት ጨው ይበቃዋል፤ በጾም በዘይት፥ በፍስክ በቅቤ ይለወሳል። ለቀትር ንፍሮ መልካም ነው። ስንዴውንና ባቄላውን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ከሰል ይቈጥባል፤ እህልና ጥራጥሬ በአንድነት ሲበሉም አንዱ የጐደለውን ሌላው ስለሚሞላ፥ ሥጋ ለማይገኝበት ቤት የልጅን ሰውነት የሚገነባ ምግብ ይሆናል። ለራት ሽሮ አለ፤ ለአንድ ኩባያ ሽሮ አራት ኩባያ ያህል ውኃ ጨምሮ በዝግታ ማንተክተክ ነው። ከጎኑ ጎመን ቢቀርብና ጥቂት ሎሚ ቢጨመቅበት፥ በምግቡ ውስጥ ያለው የብረት ንጥረ ነገር ለሰውነት በቀላሉ ይደርሳል። የተረፈ እንጀራም አይጣልም፤ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ ለሌላ ቀን ፍርፍር ይወጣዋል። ልጆች የሚወዱት የሱፍ ፍትፍትም ከዚሁ ከርካሹ ማዕድ የሚቈጠር ነው።

ሆኖም ርካሽ ሁሉ ለልጅ አይበጅም። ጓያ በብዛትና ለረጅም ጊዜ የተበላ እንደ ሆነ እግርን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ያመጣልና፥ ሽሮ የሚገዛ ሰው ከምን እንደ ተፈጨ ይጠይቅ። ቆሎም ለትንንሽ ሕፃናት ጕሮሮ አደገኛ ነው፤ አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ ተፈጭቶ በበሶ መልክ ቢቀርብለት ይሻላል።

ስለ ጨዋታ

ዝናብ በያዘው ቀን ምን እናጫውታቸው ለሚለው ጥያቄ መልሱን ያገኘነው ከአያቶቻቸው ነው። 30 ዕንቍላል ከሚይዘው ካርቶን ሁለት ረድፍ ቈርጠን፥ በየጕድጓዱ አራት አራት ሽምብራ ጨምረን ገበጣ ሠራንላቸው። የገበጣ አጨዋወት እንደየአገሩ ቢለያይም፥ መቍጠርንና አስቀድሞ ማሰብን ያስተምራል። ማታ ማታ እንቆቅልሽ እንጠይቃቸዋለን፤ መልሱን ያጣ «አገር ስጠኝ» ሲባል የሚሰጠውን ከተማ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚገኝ መናገር አለበት። በዚህ ጨዋታ ታላቂቱ ጎንደርን፥ ሐረርን፥ ጂማንና አክሱምን እየሰጠች የአገሯን ካርታ ዐወቀች። ቅልሞሽ ጠጠር እንጂ ሌላ ዋጋ የለውም፤ ሰኞ ማክሰኞም የከሰል ስባሪ ይበቃዋል።

ክረምቱ ራሱም ጨዋታ ነው። ጐኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከሰማይ ሥር አስቀምጠን በየጧቱ ውኃውን በማስመሪያ እንለካለን። አንድ ሚሊ ሜትር የዘነበ እንደ ሆነ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። ይህን በደብተር መጻፍ የመካከለኛው ልጅ ሥራ ሆነ። ነጐድጓድ የምትፈራው ትንሿ ደግሞ መብረቁ ከበራ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ አብራን ትቈጥራለች፤ ሦስት ሰከንድ ያህል የአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ስለ ሆነ፥ ቍጥሩ ሲረዝም «ሄደ፥ ሄደ» እያለች ትደሰታለች። በአሮጌ ጣሳ የዘራነው የጎመን ዘርም በሁለት ወር ገደማ ለማዕዳችን ደረሰ፤ ራሳቸው ያበቀሉትን ጎመን አንበላም ያለ ልጅ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አደራ እንላለን። የክረምት ወንዝ ድንገት ይሞላልና ልጆች ያለ ትልቅ ሰው ወደ ዳሩ አይሂዱ። ብርድ ነው ተብሎም የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይደር፤ ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዙ ቤተ ሰብን በእንቅልፉ ሳለ ይገድላል።

ስለ በዓላቱ

ቤተ ክርስቲያናችን ለክረምቱ የሰጠችው ሥርዐትም ለልጅ ታላቅ ደስታ ነው። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ሲሆን፥ ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት የጾም ግዴታ ባይኖርባቸውም፥ ነጠላቸውን አጣፍተው ከወላጆቻቸው ጋር ማስቀደስን ይወዳሉ። ከፍ ያለው ልጅ ምን ያህል ይጹም የሚለውን ግን ጤናውን አይቶ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ይገባል።

ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር፥ ማለት ቡሄ ነው። ለዚህ ቀን አንድ ኪሎ ዱቄት አቡክተን ከልጆቹ ጋር ሙልሙል እንድበለብላለን፤ የእነርሱ ሙልሙል ጠማማ ቢሆንም የሚጣፍጣቸው እርሱ ነው። ዋዜማውን ችቦ ሲበራ ስለ እረኞቹ የሚነገረውን እናወጋቸዋለን፤ በታቦር ተራራ ከወረደው ብርሃን የተነሣ መምሸቱን ሳያውቁ በቀሩ ጊዜ፥ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው እንጀራ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ይባላል። ይህን ታሪክ ባለፈው ዓመት ስንናገር በልባችን ሌላ ነገር ተሰማን። ልጁን ፍለጋ በጨለማ የሚወጣ ወላጅ የሚይዘው ጥቂት እንጀራና ብርሃን ብቻ ነውና።

ከዚያም ጳጉሜን ትመጣለች። አምስት ቀን ናት፤ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት ትሆናለች። በ3ኛው ቀን፥ በቅዱስ ሩፋኤል በዓል፥ ዝናብ የጣለ እንደ ሆነ ልጆቹ እየዘለሉ ይታጠቡበታል፤ እኛም ፎጣና ትኩስ ሻይ ይዘን በደጃፍ እንጠብቃለን። ለዚህ ደስታ መግቢያ የሚያስከፍል የለም።

ዘንድሮም የመስከረም ገንዘብ እንደ አምናው ያሳስበናል፤ ጨዋታና ፍቅር የደብተርን ዋጋ አይከፍሉምና ችግሩን አንክደውም። ነገር ግን ዘንድሮ የቤቱን በጀት ስናሰላ ታላቂቱን አጠገባችን አስቀምጠን ነው፤ ቍጥሩን የምትደምረውም እርሷ ናት። መካከለኛው ደግሞ በዚህ ሳምንት፥ «እሸት በቆሎ ሲወጣ ወደዚያች እናት እንሄድ የለም ወይ?» ብሎ ጠይቆናል። እንደምንሄድ ቃል ገብተናል፤ ይህን ቃል ለመጠበቅም ዐቅማችን ይፈቅዳል።

በዘመን መለወጫ ሰሞን «የጎመን ምንቸት ውጣ፥ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። የጎመኑ ምንቸት እስኪወጣ ድረስ ግን በዙሪያው ተሰብስበን በሰላም እንብላበት። ክረምቱን በጤና አሳልፎ፥ አደይ አበባ ከምታፈነድቅበት መስከረም እናንተንም እኛንም ከነልጆቻችን ያድርሰን። አሜን።