የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚ ይተኛ ወይስ ይንቀሳቀስ?

ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው ካትሌሆንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የተቆረቆረች ሰፊ ታውንሺፕ ናት። እንደ ካትሌሆንግ ባሉ የደቡብ አፍሪካ ታውንሺፖች በርካታ ኢትዮጵያውያን አነስተኛ ሱቅ ከፍተው ይተዳደራሉ። ሥራው ከማለዳ እስከ ምሽት ከብረት ፍርግርግ ጀርባ መቀመጥን የሚጠይቅ ነው። በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ያለ ጎልማሳ የፕሮስቴት ካንሰር ሲገኝበት ከቤተሰቡ የሚሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «አይድከሙ፣ ይረፉ» የሚል ነው። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም የሕክምና ሳይንስ ዛሬ የሚሰጠው ምክር ከዚህ ይለያል።

ፕሮስቴት ከወንዶች የሽንት ፊኛ በታች የሚገኝ አነስተኛ ዕጢ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ባወጣው ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ ወደ 1.5 ሚሊዮን በሚጠጉ ወንዶች ላይ ይህ ካንሰር ተገኝቷል። በደቡብ አፍሪካ በወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ከዋና ዋናዎቹ ሕክምናዎች አንዱ ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንዴ ሆርሞን መቀነስ ነው። ቻርልስ ሀጊንስ የተባሉት ሐኪም ካንሰሩ በዚህ ሆርሞን እንደሚመገብ እ.ኤ.አ. በ1941 አሳይተው፣ በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ ቴስቶስትሮን ጡንቻንና አጥንትንም የሚያጠነክር ነው። ሆርሞኑ ሲቀንስ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ስብ ይከማቻል፤ ብርቱ ድካም ይሰማል፤ ለስኳርና ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድልም ይጨምራል። በዚህ ላይ መተኛት ሲታከልበት ጉዳቱ ይባባሳል።

በካናዳ እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆነ ጥናት የሆርሞን ሕክምና የሚወስዱ 155 ወንዶችን ያካተተ ነበር። ለ12 ሳምንታት ክብደት የማንሳት ልምምድ ያደረጉት ካላደረጉት ይልቅ ድካማቸው ቀንሶ፣ ጉልበታቸው በርትቶ ተገኝቷል። በአውስትራሊያ በ57 ታማሚዎች ላይ ተካሂዶ በ2010 የታተመ ጥናትም ክብደት ማንሳትን ከእግር ጉዞና ከመሰል እንቅስቃሴ ጋር ማቀናጀት የጡንቻ መጠንን እንደሚጨምር አመልክቷል። በእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪው ተቋም የሆርሞን ሕክምና ለሚጀምሩ ወንዶች በባለሙያ የሚመራ የ12 ሳምንት እንቅስቃሴ እንዲሰጣቸው ይመክራል።

ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2019 ለካንሰር ታማሚዎች ያወጣው ምክር ቀላል ነው፦ በሳምንት ሦስት ቀን ለ30 ደቂቃ ልብን የሚያነቃቃ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር ልምምድ። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ለመጀመሪያው ይበቃል፤ የሚራመደው ሰው ማውራት እየቻለ መዝፈን ካቃተው ልኩን አግኝቷል። ለሁለተኛው ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳን በእጅ መግፋት፣ በከፊል ውኃ የተሞላ ጀሪካን ማንሳት ይቻላል። ለጀማሪ በቀን አሥር ደቂቃ ጥሩ መነሻ ነው።

ጥንቃቄም ያሻል። ካንሰሩ ወደ አጥንት የተሠራጨበት ሰው የተጎዳውን አጥንት ከሚጫን ልምምድና ከመዝለል መታቀብ፣ የሚበጀውንም ከሐኪሙ ጋር መለየት ይኖርበታል። ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ከባድ ነገር አያነሣም፤ ሽንት ለመቋጠር የሚያገለግሉትን የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ማለማመድ ግን ይጠቅመዋል። አዲስ የጀርባ ሕመም፣ የእግር መዛል ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ አንዱ እንኳ ከታየ ልምምዱን አቁሞ በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

ካትሌሆንግ በምትገኝበት በጋውቴንግ ክፍለ ሀገር ይህ ምክር የተለየ ክብደት አለው። የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የክፍለ ሀገሩ ጤና ቢሮ ለጨረር ሕክምና ወረፋ ሲጠብቁ የቆዩ የካንሰር ታማሚዎችን ባለማከሙ ሕግ መጣሱን በይኗል። ጨረር የሚጠባበቁ የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎች ብዙውን ጊዜ የሆርሞን መድኃኒት ስለሚታዘዝላቸው፣ ወረፋው በረዘመ ቁጥር ጡንቻና አጥንት የሚጎዱበት ጊዜም ይረዝማል። እንቅስቃሴ ወረፋውን ባያሳጥርም ሰውነት ለሕክምናው ጠንክሮ እንዲጠብቅ ይረዳል።

ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በ83 ዓመታቸው፣ ለፕሮስቴት ካንሰር የሰባት ሳምንት የጨረር ሕክምና ተከታትለዋል። ከዚያም 12 ዓመት ኖረዋል። ዕድሜያቸውን ያረዘመው እንቅስቃሴ ነው ብሎ መደምደም ባይቻልም፣ በሮበን ደሴት እስር ቤት ጠባብ ክፍል ውስጥ ባሉበት ቆመው እስከ 45 ደቂቃ ይሮጡ እንደነበር በግለ ታሪካቸው አስፍረዋል። ከሱቅ መደርደሪያ ጀርባ ያለው ስፍራም ከዚያ ክፍል እምብዛም አይጠብም። የታማሚው ቤተሰብም «ይረፉ» ከማለት ይልቅ ማታ ማታ አብሮ ቢራመድ፣ በቀጣዩ ቀጠሮም «ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ይፈቀድላቸዋል?» ብሎ ሐኪሙን ቢጠይቅ ይበልጥ ይጠቅማል።