ሰማያዊው ባቡር፦ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ

በደብረ ዘይት መንገድ መሃል የሚመላለሰውን ሰማያዊና ነጭ ባቡር የማያውቅ የነፋስ ስልክ ነዋሪ አይኖርም። የሚያውቀው ግን በሰልፉና በግፊያው ነው። ታሪኩና አሠራሩ ከዚያ በላይ ሊነገርለት ይገባል።

ወደዚህ የአዲስ አበባ ደቡባዊ በር ሐዲድ ሲመጣ የመጀመሪያው አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር 784 ኪሎ ሜትር አቆራርጦ፣ አቃቂ ላይ ሁለት ዓመት ያህል ከዘገየ በኋላ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ የገባው በደቡብ በኩል ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። ያም ሆኖ በአቃቂና በቃሊቲ በኩል ፋብሪካና መጋዘን እንዲበዛ ትልቅ ምክንያት ሆኗል። ነገር ግን ያ ባቡር የቡናና የቆዳ፣ የባሕር ማዶ ሸቀጥና የሩቅ መንገደኛ ባቡር ነበር። ከሳሪስ ሜክሲኮ ለሥራ የሚሄድ ሰው የራሱን ባቡር ለማግኘት አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ጠብቋል።

ይህ የከተማ ቀላል ባቡር ግንባታው በ2004 ዓ.ም ተጀመረ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም ሥራ ጀመረ፤ የምሥራቅ ምዕራቡ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ተከተለው። የሰሜን ደቡቡ ሰማያዊ ባቡር ከምኒልክ አደባባይ ከመሬት በታች ካለው ጣቢያ ተነሥቶ፣ ከልደታ እስከ ስታዲየም ከምሥራቅ ምዕራቡ አረንጓዴ ባቡር ጋር አንድ ሐዲድ ይጋራል። ከዚያ ተለይቶ በመሿለኪያ፣ በሪቼና በጠመንጃ ያዥ አድርጎ ወደ እኛ ይወርዳል፦ ላንቻ፣ ሁለቱ ነፋስ ስልኮች፣ አደይ አበባ፣ ሳሪስ፣ አቦ፣ በመጨረሻም ቃሊቲ። ባቡሮቹ የሚያድሩትና የሚጠገኑትም እዚያው ቃሊቲ ነው።

ጣቢያ ላይ ቆማችሁ የባቡሩን ጣሪያ ተመልከቱ። እንደ ክርን የታጠፈ ብረት ወደ ላይ ተዘርግቶ ከራሱ በላይ ያለውን ሽቦ ይነካል። ሞተሩ የ750 ቮልት ቀጥታ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዚያ ነው፤ ኃይሉ ሥራውን ጨርሶ በሐዲዱ በኩል ይመለሳል። ከዚያ ወደ በሩ ዝቅ በሉ። ከወለሉ 70 በመቶው ዝቅ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ከመድረኩ ጋር ይስተካከላል። ልጅ ያዘለች እናትና ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ደረጃ ሳይወጡ ይገባሉ። ለእኔ ከፍጥነቱ ይልቅ የዚህ ባቡር ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ሲጀምር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ለደሃ የተመቸ ዋጋ ነበር፣ ለጥገና ግን አልበቃም። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል፤ ግፊያው የመጣውም ከዚህ ነው። አጥሩም ቢሆን መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል፤ ፊት ለፊት የሚታይ ሱቅ ለመድረስ ማቋረጫ ፍለጋ ርቆ መሄድ ግድ ሆኗል።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም የተመረቀው የአዲሱ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ለቡ አካባቢ፣ እዚሁ በክፍለ ከተማችን ዳር ነው። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ የሐዲዱ ስፋትም እንደ ከተማው ባቡር 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ግን የትም አይገናኙም። ከድሬዳዋ የመጣ መንገደኛ ለቡ ላይ ሻንጣውን ተሸክሞ ከታክሲ ጋር ይከራከራል። የከተማችንን ትራንስፖርት የምታቅዱ ሁሉ፣ ከሌላው የማስፋፊያ ሥራ በፊት የቆሙትን ባቡሮች አስነሡ፤ ቀጥሎ ለቡን ከቀላል ባቡሩ ጋር አገናኙ።