አርኮስ ዴ ላ ፍሮንቴራ፦ መኪናው ከታች፣ እናቴ ከላይ

በደቡብ ስፔን፣ ገደል አናት ላይ በተሠራች ትንሽ ከተማ እንዴት መንቀሳቀስ ይሻላል? ጉልበቷን ከሚያማት እናቴ ጋር ሄጄ ያየሁት ይኸው።

"ልጄ፣ ወርደን በእግራችን ብንሄድ አይሻልም?" አለች እናቴ።

መልስ የምሰጥበት ጊዜ አልነበረኝም። የተከራየነው መኪና በግራም በቀኝም ከነጩ ግድግዳ አንድ መዳፍ ያህል ቢርቅ ነው። የጎን መስታወቶቹን አጥፌያቸዋለሁ። ዋይዝ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ "ቀጥታ" ይለኛል። ግድግዳው ላይ የሌሎች መኪኖች ቀለም ተፍቆ ቀርቷል፤ ከእኛ በፊት የመጡ እንግዶች ፊርማቸውን ትተው ሄደዋል ማለት ነው። ከኋላችን ሌላ መኪና ስለቆመ መመለስም የለም።

አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ከቤታቸው ወጡና ፊት ለፊታችን ቆሙ። በሁለት እጃቸው ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያሉ አሻገሩን። ሲጨርሱ ጣታቸውን ወደ ታች፣ ወደ አዲሱ ከተማ ጠቆሙ። ቋንቋቸውን ባንሰማም መልእክቱ ገብቶናል፤ የመኪና ቦታው ታች ነው።

ለአህያ የተሠራ መንገድ

ከተማዋ አርኮስ ዴ ላ ፍሮንቴራ ትባላለች። በአንዳሉሲያ፣ በካዲስ አውራጃ፣ ከሄሬስ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። "ነጫጭ መንደሮች" የሚባሉትን ኮረብታ ላይ ያሉ ከተሞች ለማየት ከምዕራብ በኩል ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያዋ በር እሷ ናት። 30 ሺህ ያህል ሕዝብ አላት፤ አብዛኛው ግን የሚኖረው ታች ባለው አዲሱ ሰፈር ነው። አሮጌው ከተማ ረጅምና ቀጭን ዐለት ጀርባ ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ የጓዳሌቴ ወንዝ ይጠመዘዛል፤ በደቡብ በኩል ዐለቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

"ዴ ላ ፍሮንቴራ" ማለት "የድንበር" ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ11ኛው ክፍለ ዘመን አርኮስ የራሷ ትንሽ የሙስሊም መንግሥት ነበረች። በ1264 የካስቲል ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ ያዛት። ከዚያ በኋላ ግራናዳ በ1492 እስክትወድቅ ድረስ አካባቢው በክርስቲያኖችና በሙስሊሞች መካከል ድንበር ሆኖ ቆየ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ከተማ የሚሠራ ሰው ስለ ጠላት እንጂ ስለ ጎብኚ አያስብም። መንገዶቹ ለእግረኛና ለተጫነ አህያ ይበቃሉ፤ ስለ መኪና ያሰበ አልነበረም።

ሽቅብ በአውቶቡስ፣ ቁልቁል በእግር

በማግስቱ ነገሩን እንደ ሰፈሩ ሰው አደረግነው። መኪናውን ታች፣ ፓሴዮ ዴ አንዳሉሲያ በሚባለው ቦታ ከመሬት በታች ካለው ማቆሚያ ተውነው። ከዚያ ትንሿን የከተማ አውቶቡስ ያዝን። መጠኗ ከእኛ አገር ሼሩት ብዙም አይበልጥም። ሳንቲም ለሹፌሩ ከፍለን ገባን።

ትናንት ላብ ባሰመጠኝ መንገድ ላይ ሹፌሩ በአንድ እጁ እየነዳ፣ በመስኮት ለሰው ሰላምታ እየሰጠ ያልፋል። እግረኞች አውቶቡሷ ስትመጣ በር ሥር ገብተው ይጠብቋታል፤ ካለፈች በኋላ ይወጣሉ። እናቴ የአትክልት ፌስታል ከያዙ ሁለት አሮጊቶች አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አንዷ ቲማቲሟን አሳየቻት። እናቴም ዳሰስ አድርጋ፣ "ጥሩ ነው" ብላ በአማርኛ መለሰች። ተግባቡ።

ይቺ አውቶቡስ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ለእኛ ግን ጉዞውን በሙሉ የቀየረችው እሷ ናት። ከመሄዳችን በፊት ወንድሜ፣ "እማዬን ገደል ላይ ልታወጫት ነው? ባሕር ዳር ሆቴል ያዢላት፣ ትረፍ" ብሎኝ ነበር። በቁፓት ሆሊም ያለው ሐኪምም ደረጃ እንድትቀንስ ነግሯታል። እኔም በልቤ፣ ከደከማት ካፌ አስቀምጫት ብቻዬን እዞራለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ዳገቱን አውቶቡሷ ስትወስደው ግን የቀረው ቁልቁለትና ሜዳ ነው፤ እሱን ደግሞ እናቴ ታውቅበታለች።

የማይጠፋበት ከተማ

አውቶቡሷ ካደረሰችን በኋላ የመጀመሪያው ማረፊያ ፕላሳ ዴል ካቢልዶ የሚባለው አደባባይ ነው። በአንድ በኩል የሳንታ ማሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው በኩል የድሮ ሹማምንት መኖሪያ የነበረውና አሁን ሆቴል የሆነው ፓራዶር፣ ከበላዩ ቤተ መንግሥቱ አሉ። ቤተ መንግሥቱ የግል ንብረት ስለሆነ አያስገቡም። አራተኛው ጎን ባዶ ነው፤ እሱ ገደሉ ነው። አጥሩን ተደግፋችሁ ስታዩ ወንዙና የእርሻው ማሳ ከታች ተዘርግቷል። ጭልፊቶች ከእግራችን በታች ይበራሉ። ወፍን ከላይ ወደ ታች ማየት ለእኔ አዲስ ነገር ነበር፤ ለእናቴ አይደለም።

"ይሄ ተራራ ነው እንዴ?" አለች እየሳቀች። የጎንደር ገጠር ልጅ ናት። በ1984 ከዚያ ተነስታ በእግሯ ሱዳን የገባች ሰው ናት።

ከአደባባዩ በኋላ ካርታ አያስፈልግም። ከተማው የዐለቱን ጀርባ ይዞ ስለተሠራ ዋናው አቅጣጫ አንድ ነው። በምዕራብ የሳንታ ማሪያ ደወል ቤት፣ በምሥራቅ የሳን ፔድሮ ደወል ቤት ይታያል፤ በመካከላቸው ያለው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ከዚያ በግራም በቀኝም የሚያወጣው መንገድ ወይ ቁልቁለት ነው ወይ ገደል። ሁለቱ ደብሮች ዋናው እኔ ነኝ በሚል ለረጅም ዘመን እንደተጣሉ በከተማው ይነገራል፤ በመጨረሻ ያሸነፈችው ሳንታ ማሪያ ናት። የእሷ ደወል ቤት ከ1755ቱ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ እንደገና ሲሠራ ገንዘብ አልቆ ሳይጨረስ ቀርቷል። እኛ ሁለቱንም ከውጭ ነው ያየናቸው። ካዬኾን ዴ ላስ ሞንኻስ የሚባለው ጠባብ መንገድ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ የሚደግፉት ቅስቶች ሥር እናቴ ጥላ አገኘችና አረፈች።

አካሄዷን ልብ ብዬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ ሦስት እርምጃ ሮጬ አንድ ደቂቃ አለከልካለሁ። እሷ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ትሄዳለች፤ ዳገት ሲመጣ ዝም ትላለች። "ዳገት ላይ ወሬ የለም፤ ወሬው ሲቆሙ ነው" አለችኝ። የሰፈሩ አሮጊቶችም እንደዚያው ናቸው። ፌስታላቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ በር ሥር ይቆማሉ፣ ከጎረቤት ይጫወታሉ፣ ይቀጥላሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ከተማ ነው።

ሰንበትና ምሳ

ሰንበት ለሚያከብር ሰው ትልቁ ውሳኔ ማደሪያው ነው። ርካሹ ማረፊያ ታች ነው። ነገር ግን አርብ ማታ ታች ካደራችሁ፣ ቅዳሜ ወይ ዳገቱን በእግር ትወጣላችሁ ወይ ከተማውን ሳታዩ ትውላላችሁ። ስለዚህ ለሁለት ሌሊት ላይ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ አደርን። ቅዳሜን ያለ መኪና፣ ያለ አውቶቡስ፣ ከአደባባዩ እስከ ሳን ፔድሮ እየሄድን፣ እየተቀመጥን ዋልን። ከሰዓት ከ2 እስከ 5 ገደማ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ መንገዱ ጭር ይላል። እናቴ፣ "እነሱም ሰንበት አላቸው እንዴ?" አለች። በየቀኑ እንደሆነ ስነግራት በጣም ወደደችው።

ምግቡ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በከተማው ገዳም ውስጥ ከሰው ዓይን ተለይተው የሚኖሩ መነኮሳት ብስኩት ይሸጣሉ። ገንዘቡን የምታስቀምጡበት የሚሽከረከር የእንጨት መስኮት አለ፤ ሲዞር ብስኩቱ ይመጣል፣ ሰው አይታይም። ማየቱ ደስ ይላል። ነገር ግን በስፔን ብዙ ብስኩት በአሳማ ስብ ነው የሚሠራው፤ ዕቃው ላይ "ማንቴካ ዴ ሴርዶ" ከተባለ ያ ነው። እኛ ከቤት ባመጣነው ዳቦ፣ በፍራፍሬና በአትክልት ነው የቆየነው።

አይሁዳውያን በዚህ አገር ይኖሩ ነበር። ስለ 1492ቱ የስፔን ስደት ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። የዚህ አካባቢ አይሁዳውያን ግን ቀድመው ነው የወጡት፤ ከሴቪያ፣ ከኮርዶባና ከካዲስ ሀገረ ስብከቶች እንዲለቁ የታዘዘው በ1483 ነው። ለእናቴ ስነግራት ወንዙን እያየች ዝም አለች። "በየት በኩል ወጡ ይሆን?" ብቻ ነው ያለችው።

የመጨረሻው ጠዋት

በመጨረሻው ቀን ስነቃ እናቴ አልጋዋ ላይ የለችም። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጫማዬን በቅጡ ሳላስር ወጣሁ። አደባባዩ ላይ የለችም፤ ሳን ፔድሮ ጋ የለችም። ገደሉን እያሰብኩ በምሥራቅ በኩል ወደ ድሮው የከተማ በር፣ ፑዌርታ ዴ ማትሬራ ወደሚባለው ቁልቁል ሮጥኩ።

እዚያ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ከበሯ ፊት የምትጠርግ አንዲት አሮጊት መጥረጊያዋን ይዛ ቆማለች።

"እማዬ! ምን ሆንሽ?"

"ምን እሆናለሁ? አንቺ ተኝተሽ ነበር። ቁልቁለቱን ልየው ብዬ ነው።"

"መውጣቱስ?"

"እንደወረድኩት ነዋ፣ ቀስ ብዬ።"

ተነሳን። ሦስት ጊዜ ቆምን፤ ሁለቱን ጊዜ ያስቆምኩት እኔ ነኝ። መሃል ላይ ወንድሜ ደወለ። "እማዬ እንዴት ናት? የት ናት?" አለኝ።

"ከፊቴ ናት" አልኩት።

ለመሄድ ለምታስቡ

• ወደ አርኮስ ባቡር አይገባም። በባቡር እስከ ሄሬስ ደርሳችሁ ከዚያ አውቶቡስ ያዙ።
• መኪና ካላችሁ ታች አቁሙት። ዋይዝ "ውጣ" ቢልም አትስሙት።
• የትንሿ አውቶቡስ ሰዓት በበዓልና በሳምንቱ መጨረሻ ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ጠይቁ።
• በክርስቲያኖች የፋሲካ እሁድ በመንገዶቹ ላይ በሬ ይለቀቃል። ከአረጋውያን ጋር ከሆናችሁ ሌላ ቀን ምረጡ።
• በበጋ ሙቀቱ ከባድ ነው። ጠዋትና ማታ ሂዱ፣ እኩለ ቀን ላይ እንደ አገሩ ሰው እረፉ።
• የማያንሸራትት ጫማ አትርሱ፤ ድንጋዩ በብዙ ዘመን እግር ለስልሷል።