ከሰል በአፈር ውስጥ፦ ፀረ-አረሙ ወዴት ይሄዳል?

ከጋምቤላ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኘው የትየርኪዲ መጠለያ ጣቢያ የተቋቋመው በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ ነው። በዚያ ተጠልለው የሚኖሩት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ የጎረቤታቸው የኩሌ መጠለያና የኢታንግ ከተማ ነዋሪዎች የሚጠጡት ውሃ በባሮ ወንዝ አጠገብ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚሳብ ነው። እንዲህ ያለ ወንዝ ዳር ያለ የከርሰ ምድር ውሃ ከላዩ ካለው አፈር ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። በአፈሩ ላይ የሚረጨው ነገር ጊዜ ይፍጅ እንጂ ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ አያጣም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በአሁኑ ወቅት በብዙ ቦታ የሚመከሩ ሁለት ነገሮች በአንድ ማሳ ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን ነው። አንደኛው አፈርን ለማዳበር የሚጨመረው ከሰል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ባዮቻር ነው። ሁለተኛው ፀረ-አረም ኬሚካል ነው። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ብዙ ተብሎላቸዋል፤ ስለ ግንኙነታቸው ግን የሚነገረው ጥቂት ነው።

እንጨትም ሆነ አገዳ በቂ አየር እያገኘ ሲነድ መጨረሻው አመድ ነው። አየር ተነፍጎት ከ350 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል ግን ጋዙና ዘይቱ ተንኖ ይወጣና አብዛኛው ካርቦን ባለበት ይቀራል። ይህ የቀረው ከሰል ለምግብ ማብሰያ ሳይሆን ለአፈር ሲውል ባዮቻር ይባላል። ይህን በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በሸኖ አካባቢ፣ ገበሬዎች ለገብስ ሲሉ አፈሩን ከምረው ከሚያቃጥሉበት ልማድ ጋር ማምታታት አይገባም። በዚያ የሚቃጠለው አፈሩ ራሱ ነው። ምርቱ ለአንድ ሁለት ዓመት ከፍ ቢልም በአፈሩ ውስጥ የነበረው ብስባሽ ስለሚጠፋ መሬቱ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጦም ያድራል። ከሰል ግን በአፈር ውስጥ በቀላሉ አይበሰብስም። በአማዞን ደን ውስጥ የጥንት ነዋሪዎች ከሰልና የቤት ጥራጊ እየደባለቁ የፈጠሩት ጥቁር አፈር ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ለምነቱን አላጣም።

የከሰልን ጠባይ ለመረዳት ከኬሚስትሪ በፊት ጂኦሜትሪ ያስፈልገናል። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩብ እንውሰድ፤ የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ይህንኑ ኩብ ጎናቸው የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ በሆነ ትናንሽ ኩቦች ብንከፋፍለው ጠቅላላ ገጹ 6 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቁሱ አልጨመረም፤ የጨመረው ከውጭው ዓለም ጋር የሚነካካበት ገጽ ብቻ ነው። ከሰል ደግሞ ሳይደቅም በውስጡ እጅግ ረቂቅ በሆኑ ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ በከፍተኛ ሙቀት የተዘጋጀ የእንጨት ከሰል በአንድ ግራም እስከ 300 ካሬ ሜትርና ከዚያም በላይ ገጽ ሊኖረው ይችላል። እፍኝ የማይሞላ 25 ግራም ከሰል የአንድ እግር ኳስ ሜዳን ያህል ገጽ ይዟል ማለት ነው። በዝቅተኛ ሙቀት የተዘጋጀ ከሰል ግን በመልክ ምንም ሳይለይ በግራም 5 ካሬ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ “ከሰል” የሚለው አንድ ቃል በጠባያቸው እጅግ የተራራቁ ቁሶችን ይሸፍናል።

በአፈር ላይ የሚታየው ለውጥ ከዚሁ ይመነጫል። ቀዳዳዎቹ ውሃ ይይዛሉ፤ አሸዋማ አፈርም ቶሎ አይደርቅም። ከሰሉ እያረጀ ሲሄድ ገጹ በኦክስጅን እየተለወጠ አሉታዊ ሙል ስለሚያበጅ እንደ ፖታሲየምና ካልሲየም ያሉትን አዎንታዊ ሙል ያላቸውን ምግቦች ዝናብ እንዳያጥባቸው ይይዛቸዋል። በውስጡ ያለው አመድ ደግሞ የአፈሩን አሲድነት ይቀንሳል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከበቆሎ አገዳ የተዘጋጀ ከሰል በክሮሚየም በተበከለ አፈር ላይ በሄክታር 5 እና 10 ቶን ሂሳብ ሲጨመር የአፈሩ ፒኤችና የምግብ ይዘቱ ከፍ ማለቱን፣ በዚያ የበቀለው ሰላጣ የሚስበው ክሮሚየምም መቀነሱን አሳይተዋል። ይሁን እንጂ በጅማ የሠራው ሁሉ በትየርኪዲ ይሠራል ማለት አይደለም። ጅማና ኢሉባቦር አፈራቸው አሲዳም ነው፤ በባሮ ሜዳ ላይ ባለው መረሬ አፈር ግን አሲድነት ዋነኛ ችግር ስላልሆነ ከከሰሉ የሚጠበቀው ጥቅም ይበልጡን አካላዊ ነው፤ ይኸውም ሲረጥብ የሚጣበቀውንና ሲደርቅ የሚሰነጠቀውን አፈር ማላላት ነው።

ወደ ፀረ-አረሙ እንለፍ። ለበቆሎ ማሳ የሚውለው አትራዚን አረሙ ከመብቀሉ በፊት በአፈር ላይ ይረጫል፤ አረሙም ከአፈሩ ውሃ ጋር በሥሩ ይስበዋል። እንግዲህ ኬሚካሉ ሁለት ማረፊያ አለው፤ አንድም በአፈሩ ገጽ ላይ ተለጥፎ፣ አንድም በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይገኛል። አረሙን የሚገድለው፣ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደውና ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያፈርሱት የሟሟው ክፍል ብቻ ነው።

ለማስረዳት ያህል ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድ ኪሎ ግራም አፈር 0.2 ሊትር ውሃ ይዟል፣ በአንድ ኪሎ አፈር ላይ የሚለጠፈው ኬሚካልም በአንድ ሊትር ውሃ ከሚሟሟው ጋር እኩል ነው እንበል። ያን ጊዜ ከስድስት እጅ አንዱ ይሟሟል፤ አምስቱ ይለጠፋል። አሁን በሄክታር 10 ቶን ከሰል እንጨምር። የላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር አፈር በሄክታር 2,000 ቶን ያህል ስለሚመዝን ከሰሉ የአፈሩ 0.5 በመቶ ብቻ ነው። ግን ከሰሉ ከአፈሩ 1,000 እጥፍ የመለጠፍ ኃይል ቢኖረው የድብልቁ ኃይል ከ1 ወደ 6 ገደማ ያድጋል። የሚሟሟውም ከ31 እጅ አንዱ ብቻ ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ በዚያ ንጣፍ ውስጥ ውሃው 30 ሳንቲ ሜትር በሚወርድበት ጊዜ ኬሚካሉ ቀድሞ 5 ሳንቲ ሜትር ይወርድ የነበረው አሁን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይወርዳል። 1,000 እጥፍ ያልነው የተጋነነ አይደለም፤ ያንግና ሼንግ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የስንዴና የሩዝ ገለባ ከሰል ዳይዩሮን የተባለውን ፀረ-አረም ከአፈሩ እስከ 2,500 እጥፍ አብልጦ እንደሚይዝ አግኝተዋል።

ለውሃው ይህ መልካም ዜና ነው። በአንድ ሄክታር ከተረጨ 1 ኪሎ ግራም አትራዚን ውስጥ መቶኛው እጅ፣ ማለትም 10 ግራም፣ ወደ ውሃ ቢገባ እንኳ የአውሮፓ ኅብረት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ወሰን ለማድረስ 100,000 ሜትር ኩብ ንጹህ ውሃ ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ 100 ማይክሮግራም ስለሚፈቅድ በዚያ መለኪያ 100 ሜትር ኩብ ይበቃል። (የአውሮፓው ቁጥር ለእያንዳንዱ ፀረ-ተባይና ፀረ-አረም በአንድነት የወጣ የጥንቃቄ ወሰን እንጂ ከአትራዚን መርዛማነት የተሰላ አይደለም፤ ልዩነቱ የመጣው ከዚያ ነው።)

ለገበሬው ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሟሟው ሲያንስ አረሙም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከእስራኤል የወጣ ጥናት ኤስ-ሜቶላክሎርና ሰልፈንትራዞን የተባሉ ፀረ-አረሞችን ሁለት ዓይነት ከሰል በተጨመረበት አፈር ላይ ፈትሿል። በግራም ከ200 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ ያለው ከሰል አረም የመቆጣጠሩን ኃይል በእጅጉ ሲያዳክም፣ ገጹ ከ5 ካሬ ሜትር በታች የሆነው ግን ያደረሰው ተጽዕኖ አነስተኛ ነበር። ኬሚካሉ አልሠራም ብሎ መጠኑን የሚያበዛ ገበሬ ገንዘቡንም ጤናውንም ይጎዳል። የተለጠፈው ደግሞ አልጠፋም። በዌልስ የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ሲማዚን የተባለውን የአትራዚን ዘመድ ፈትሸው ከሰሉ ወደ ታች መውረዱን እንደቀነሰ፣ ነገር ግን በተሕዋስያን መፍረሱንም እንዳዘገየ አረጋግጠዋል። ከጉድጓዱ ያራቅነው ኬሚካል በማሳው ውስጥ ዕድሜው ይረዝማል ማለት ነው።

ሁሉም ፀረ-አረም እንዲህ አይደለም። በስንዴና በጤፍ ማሳ የታወቀው ቱ-ፎር-ዲ በአፈር ውሃ ውስጥ አሉታዊ ሙል ይዞ ስለሚገኝ አሉታዊ ሙል ያለው የከሰል ገጽ አጥብቆ አይይዘውም። ግላይፎሴት በበኩሉ ይበልጡን የሚለጠፈው በአፈሩ የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይዶች ላይ ነው። ሁለቱም በቅጠል ላይ የሚረጩ በመሆናቸው በአፈሩ ውስጥ ከሰል መኖሩ አረሙን ከመግደል አያግዳቸውም። ስለሆነም ከሰል ሁሉንም ኬሚካል የሚያጣራ ወንፊት አድርጎ ማሰብ፣ በእኛ አስተያየት፣ አደገኛ ስህተት ነው።

ለባሮ ዳር ሁለት ነገር እናክል። መረሬ አፈር በበጋ በጥልቁ ይሰነጠቃል፤ የግንቦት የመጀመሪያ ዝናብ በስንጥቁ በቀጥታ ሲወርድ ከሰል ያለበትን ንጣፍ ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል፤ ከላይ ያየነው ስሌትም ያን ጊዜ አይሠራም። ደግሞም ከሰል ቀላል ነው፤ ይንሳፈፋል። ባሮ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲፈስ በደንብ ያልተቀበረ ከሰል በላዩ የተለጠፈውን ኬሚካል እንደያዘ ይወስደዋል። በዚህ ላይ የአፈሩ ብስባሽ ከዓመት ዓመት ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን የከሰሉ የመያዝ ኃይል በጊዜ ብዛት ይቀንሳል።

ከሰሉ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄም ቀላል አይደለም። የማገዶ እጥረት መጠለያውንና በዙሪያው ያለውን ሕዝብ ሲያነታርክ በኖረበት ስፍራ ለአፈር ብሎ ዛፍ መቁረጥ ፈጽሞ አያስኬድም። የሚያዋጣው የበቆሎና የማሽላ አገዳ ነው። ከላይ የሚለኮስ የጋዝ ምድጃ ምግቡን እያበሰለ በመጨረሻ ከሰል ስለሚያስቀር አንዱ ነዶ ለሁለት ሥራ ይውላል።

ተማሪዎች ይህን ሁሉ በአራት ማሰሮ ሊፈትኑት ይችላሉ። በአንደኛው አፈር ብቻ፣ በሁለተኛው አፈርና ከሰል፣ በሦስተኛው አፈርና አትራዚን፣ በአራተኛው ሦስቱንም ማድረግ ነው። በቆሎና ማሽላ አትራዚንን ስለሚቋቋሙ የሚዘራው ሰላጣ ወይም ኪያር ይሁን። ጓንት ማድረግና ኬሚካሉን መምህር ብቻ እንዲለካ ማድረግ ግዴታ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቡቃያውን አጭዶ መመዘን ይበቃል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ማሰሮ የሚለያዩበት ክብደት ከሰሉ ምን ያህሉን ኬሚካል ከሥሩ እንደነጠቀ ይናገራል። ማሰሮዎቹን ሳይነቅሉ በሚቀጥለው ወር እንደገና መዝራት ደግሞ የተያዘው ኬሚካል ቀስ በቀስ ይለቀቅ እንደሆነ ያሳያል።